የጀልባችሁ ብሬከር እየወረደ ላስቸገራችሁ፦ እኚህን ባለሙያ ጥሯቸው

እግዜር ይስጣቸው! የጀልባው የኮረንቲ ጣጣ መላ ያገኘው እኚህ የጀልባ ኤሌክትሪሺያን እጃቸውን ካስገቡበት በኋላ ነው። ምስጋናውን በአደባባይ የምጽፈው በዚህ ሙያ ስም የሚሠራው ሥራ ሰው ሊገድል ስለሚችል ነው። ወደብ ላይ ሲቆም ከዳርቻ መብራት (በገመድ ከሚመጣው የወደቡ ኮረንቲ) የሚስብ፣ ሁለት ባትሪና የባትሪ ማዞሪያ ያለው ጀልባ ያላችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ችግሩ ይህ ነበር። ገመዱ ዳርቻው ላይ ካለው የኮረንቲ ሳጥን ጋር ተሰክቶ ጀልባው ውስጥ አንድ ነገር ሲበራ የሳጥኑ ብሬከር ወዲያው ይወርዳል። ከእሳቸው በፊት ከመጡት፣ ስማቸውን አላነሳም፣ አንዱ ገመዱን በአዲስ ቀየረ። ሌላው ዋናውን ብሬከር ቀየረና ቻርጀርም አስገዛ። ሁሉም ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፣ ብሬከሩም መውረዱን ቀጠለ። ከሁሉም የሚያንገበግበው የመጨረሻው ምክር ነው፦ «አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ቁረጡት፣ ያኔ ይተዋችኋል።» ይህን የሚል ሰው ጀልባ ላይ መውጣት የለበትም። ይህ ባለ ሁለት ቀለም ሽቦ የመሬት ሽቦ ነው፣ ያፈተለከ ኮረንቲ በደህና የሚመለስበት፤ ከተቆረጠ የሚመለስበት መንገድ ውሃው ይሆናል። በአካባቢው የሚዋኝ ሰው ጡንቻው ይታሰርና መዋኘት አቅቶት ይሰጥማል። በጨው አልባ ውሃ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ከውሃው ይልቅ የሰው አካል ኮረንቲ በደንብ ያስተላልፋልና። የዳርቻ መብራት ባለበት ቦታ ልጆች ዘለው እንዲገቡ ፈጽሞ አትፍቀዱ፣ ጀልባው ጤነኛ ቢሆንም።

እኚህ ባለሙያ ሲመጡ ምንም ዕቃ ግዙ አላሉም፤ መጀመሪያ ለኩ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቀሉ፣ የጀልባውን ዋና ብሬከር አበሩ፣ ሜትራቸውን ኦም ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ጀልባው ላይ ባለው መሰኪያ የኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) እግር ላይ፣ ሌላውን የመሬቱ እግር ላይ አስነኩ። በሁለቱ መካከል ምንም መገናኘት ሊኖር አይገባም። ሜትሩ ግን ዜሮ አካባቢ አነበበ። ከዚያ ፓኔሉን ፈተው ከኒውትራል ባሩ፣ የኒውትራል ሽቦዎች ሁሉ ከሚታሰሩበት ብረት ላይ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ያላቅቁ ጀመር፤ የውሃ ማሞቂያው፣ የሶኬቶቹ፣ የቻርጀሩ። አንዱ ሲላቀቅ ንባቡ ቢቀየር ኖሮ ጥፋተኛው ያ ዕቃ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የውሃ ማሞቂያው ሬዚስታንስ ተሰንጥቆ ይገኛል። እዚህ ግን ሁሉም ተላቅቆ ንባቡ ንቅንቅ አላለም። የእጅ ባትሪ አብርተው ከፓኔሉ ጀርባ ጎንበስ አሉና ጣት የምታህል አጭር ሽቦ አሳዩን፣ ኒውትራል ባሩንና የመሬቱን ባር የምታገናኝ። ፈቷት። ሜትሩ መገናኘት የለም አለ።

ይህቺን ሽቦ ያስገባት የቤት ሥራ የለመደ ሰው ነው። በብዙ ቤቶች ኒውትራልና መሬት ዋናው ሳጥን ላይ ይገናኛሉ። ጀልባ ከዳርቻ ሲስብ ግን መገናኘት ያለባቸው ዳርቻው ላይ፣ ምንጩ ጋ ብቻ ነው። ጀልባው ላይ ከተገናኙ የሚመለሰው ኮረንቲ ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ በመሬቱ ሽቦና በውሃው በኩል ይሄዳል፤ የሳጥኑ ጠባቂ ደግሞ በሄደውና በተመለሰው መካከል 30 ሚሊአምፒር ልዩነት ሲያይ ይወርዳል። ስለዚህ ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነበር! ኢንቨርተር (የባትሪን ኮረንቲ ወደ ቤት ኮረንቲ የሚቀይር) ወይም ጄነሬተር ያላችሁ ልብ በሉ፤ እነሱ ራሳቸው ምንጭ ሲሆኑ ሁለቱ እነሱ ጋ ይገናኛሉ፣ ወደ ዳርቻ መብራት ሲዞር ግን ያ መገናኛ መላቀቅ አለበት።

ከጨረሱ በኋላም ዝም ብለው አልሄዱም። ሁሉንም አብርተው ሚሊአምፒር የሚያነበውን ክላምፕ ሜትር መጀመሪያ ፌዙን (ኮረንቲውን የሚያመጣውን ሽቦ) እና ኒውትራሉን አንድ ላይ አሳቀፉ፣ ቀጥሎ ሙሉውን ገመድ። የመጀመሪያው ጠቅላላ ማፈትለኩን ያሳያል፣ ሁለተኛው ወደ ውሃው የሚሄደውን።

አሁን ልቤን ወደነካው ነገር ልምጣ። አዲስ የተገዛው ቻርጀር ባትሪ አይሞላም ተብሎ ሊጣል ነበር። ገልብጠው አዩትና «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ያሰሩበት ቦታ ነው የተሳሳተው» አሉ። አዲስ መሸጥ ይችሉ ነበር። ቻርጀሩ የታሰረው ከባትሪ ማዞሪያው በኋላ ስለነበር ጀልባው ተቆልፎ ማዞሪያው ሲጠፋ ከባትሪዎቹ ይለያል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢያድርም የሚሞላው ነገር የለም። የቻርጀሩን ሁለት መውጫዎች በቀጥታ ለሁለቱ ባትሪዎች አገናኙ፣ እያንዳንዱን ፖዘቲቭ በራሱ ፊውዝ፣ ከባትሪው ከ18 ሳንቲሜትር ሳይርቅ። ፊውዙ ከራቀ በመካከል ያለው ሽቦ ሾርት ቢያደርግ የሚያቆመው የለም። ከጀልባው ሆድ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕም እንዲሁ ከማዞሪያው በፊት፣ በራሱ ፊውዝ መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ ማዞሪያውን አጥፍታችሁ ስትሄዱ ፓምፑም ይጠፋል።

ማዞሪያውን ራሱን በተመለከተ ያስረዱትን ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል። 1 ሞተሩን ማስነሻ ባትሪ፣ 2 የውስጥ መብራትና ፍሪጅ ባትሪ ነው፣ ሦስተኛው ቦታ፣ «ሁለቱም» የሚባለው፣ ሁለቱን ያገናኛል፣ አራተኛው ያጠፋል። መልህቅ ጥላችሁ «ሁለቱም» ላይ ከተዋችሁት ፍሪጁ ሁለቱንም ባትሪ ይጨርስና ጠዋት ሞተሪኖው አይዞርም። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ በማጥፊያው በኩል አታዙሩት፤ ዲናሞው የሚያመነጨው መግቢያ ሲያጣ ቮልቱ በድንገት ይዘልና ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ይቃጠላሉ። ከ1 ወደ 2 የሚኬደው «ሁለቱም» በሚለው ቦታ በኩል ነው። ማዞሪያውን ማጥፋት ከዳርቻ የሚመጣውን 230 ቮልት አያጠፋውም፤ ሁለቱ የተለያዩ መስመሮች ናቸው። ማዞር ለሚረሳ ሰው ቮልት አይቶ ራሱ የሚያገናኝ ሪሌ አለ፤ 13.3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ባትሪዎቹን አገናኝቶ 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይለያቸዋል። አሲድ ባትሪ ከሞላና ለጥቂት ሰዓት ካረፈ 12.7 ያነብባል፤ 12.2 ካነበበ ግማሽ ላይ ነው፣ ከዚያ በታች አታውርዱት።

የገመዱን መሰኪያም ከፍተው አሳዩን፣ አንዱ እግር ቡናማ ሆኖ ጫፉ ጠቁሯል። ገመዱ አዲስ ነው፤ የጀልባው ወገን ያለው እግር ግን አሮጌና የላላ ስለሆነ አዲሱንም እያቃጠለው ነበር። ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ፣ አንዱን ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ጫን ያለ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ካሠራችሁ በኋላ መሰኪያውን ከውጭ በእጃችሁ ዳብሱት፤ ከሞቀ አጥፉና አስመርምሩ። 16 አምፒር በ230 ቮልት 3680 ዋት ነው፤ 1500 የሚስብ የውሃ ማሞቂያ፣ 2000 የሚስብ ማፍያና 1000 የሚስብ የክፍል ማሞቂያ አንድ ላይ አይችልም። የ120 ቮልት ባለ 30 አምፒር ገመድም 3600 ዋት ነው፣ ብዙ አይለይም።

የጀልባውን ብረት ከመበላት ለማዳን ውሃ ውስጥ ባለው ክፍል ላይ የሚታሰሩት የዚንክ ቁራጮች ቶሎ ተበልተው የሚያልቁበት ምክንያትም ያው የመሬት ሽቦ ነው፤ ጀልባችሁን ከጎረቤት ጀልባዎች ብረት ጋር ያገናኛል፣ በመካከላቸውም ደካማ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሽቦውን መቁረጥ ሳይሆን ጋልቫኒክ አይሶሌተር ነው፤ ከ1.2 ቮልት አካባቢ በታች ያለውን ያግዳል፣ የአደጋውን ኮረንቲ ግን ያሳልፋል። እሱንም ገጠሙልን።

ሊሄዱ ሲሉ ናስትሮ ቆርጠው ቅደም ተከተሉን በእጃቸው ጽፈው ፓኔሉ ላይ ለጠፉ፣ ከዚያ ጀልባው ላይ ያለነውን አዋቂዎች ሁሉ በተራ አስደረጉን፣ ሳይቸኩሉ። ሲሰካ ሁለቱም ብሬከር ጠፍቶ ገመዱ ቀድሞ ጀልባው ላይ፣ ቀጥሎ ሳጥኑ ላይ፤ የሳጥኑ ብሬከር ይበራል፣ ፌዝና ኒውትራል መገልበጣቸውን የሚናገረው ቀይ መብራት አለመብራቱ ይታያል፣ በመጨረሻ የጀልባው ብሬከር። ሲነቀል ዕቃዎቹ፣ የጀልባው ብሬከር፣ የሳጥኑ ብሬከር በዚህ ተራ ይጠፋሉ፤ ገመዱ ቀድሞ ከሳጥኑ ይነቀላል። ያኔ ኮረንቲ ያለበት ጫፍ ይዞ ውሃ ላይ የሚቆም ሰው አይኖርም።

እባካችሁ ጥሯቸው። ዕቃ ሳይሸጡ የሚለኩ፣ ጥፋቱን በዓይናችሁ የሚያሳዩ ሰው ናቸው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልካለሁ። ከመምጣታቸው በፊት ገመዱን ነቅላችሁ፣ የፓኔሉን ፊትና የባትሪዎቹን ፎቶ ላኩላቸው፤ ብሬከሩ የሚወርደው ገና ሲሰካ ነው ወይስ ዕቃ ሲበራ የሚለውንም ጻፉላቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።