ባለ 24 ፍሬው ማንኪያና ሹካ እንዴት ከረመ?

ባለፈው መስከረም፣ መስቀል ሊደርስ ሲል፣ ለቤታችን ባለ 24 ፍሬ ማንኪያና ሹካ ገዛን። ስድስት የሾርባ ማንኪያ፣ ስድስት ሹካ፣ ስድስት የገበታ ቢላና ስድስት የሻይ ማንኪያ ነው። እጀታው ጀርባ ላይ 18/10 የሚል ማህተም አለበት። አሁን ፋሲካም አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕቃው ሳያርፍ ሠርቷል። ጾሙንም ፍስኩንም ከኛ ጋር አሳልፏል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ስላለው ማብረቅረቅ ሳይሆን፣ ሲሠራበት ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ እችላለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ጥሩ ማንኪያና ሹካ የሚገዛው ለእንግዳ ሳይሆን ለቤተሰብ ነው። በብዙ ቤት ደህናው ዕቃ ቡፌ ውስጥ ከነካርቶኑ ይቀመጣል። ቤተሰቡ ግን አንገቱ በተጣመመ ማንኪያና ጥርሱ በተዛነፈ ሹካ ይበላል። ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ልጆቻችን ከእንግዳ የሚያንሱበት ምክንያት የለም።

«እኛ በእጃችን ነው የምንበላው፤ ማንኪያ ላይ ይሄን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለምን አስፈለገ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ እንጀራ ሹካ አይፈልግም። ግን የአንድ የከተማ ቤት ቀን እንዴት እንደሚውል ተመልከቱ። ጠዋት ቅንጬ ወይም ጨጨብሳ አለ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ፓስታ ወይም ሩዝ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሾርባና ሰላጣ ከገበታ አይጠፋም። የሻይ ስኳር የሚማሰለውማ ተቆጥሮ አያልቅም። እኛ ቤት ከብርጭቆ ቀጥሎ በብዛት የሚታጠበው ዕቃ ማንኪያ ነው።

የገዛነው መርካቶ ነው። የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል። አንዱ ባለሱቅ ከመሳቢያው ማግኔት አወጣና ማንኪያው ላይ አስጠጋው። «እይው እህቴ፣ አይስበውም። ኦርጅናል ነው» አለኝ። ይሄ የማግኔት ነገር እንደ ማረጋገጫ ተይዟል። እውነትነቱ ግን ግማሽ ብቻ ስለሆነ ላብራራው።

«ስቴንለስ» የምንለው ብረት ውስጥ ክሮሚየም አለ። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ዝገትን የሚከላከለው ያ ሽፋን ነው። ቢጫር እንኳ ራሱን መልሶ ይሸፍናል። 18/10 ማለት ከመቶው 18 እጅ ክሮሚየም፣ 10 እጅ ኒኬል ነው። ኒኬሉ ብረቱ ሎሚና ኮምጣጤ ይበልጥ እንዲችል ያደርገዋል፤ ሞቅ ያለ አንጸባራቂነትም ይሰጠዋል። 18/8 የሚል ካገኛችሁም አትሽሹ። ለቤት አገልግሎት ልዩነቱ አይታወቅም። 18/0 የሚለው ኒኬል የለውም፣ ማግኔት ይስበዋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ችግሩ ሌላ ዓይነት ብረት መኖሩ ነው። 201 ይባላል። ውድ የሆነው ኒኬል ተቀንሶ በቦታው ማንጋኒዝ ይገባል። ይሄኛውንም ማግኔት አይስበውም። ግን ከ18/10 ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ማግኔቱ ማንኪያውን ለቀም አድርጎ ከያዘው 18/10 አይደለም ማለት ነው። ካልያዘው ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም። ከዚያ በኋላ ያለው የእጅና የዓይን ሥራ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የሹካውን ጥርስ ነው። ሹካ ከጠፍጣፋ ብረት ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ሲቆረጥ በጥርሶቹ መሀል ያለው ጠርዝ ሻካራ ሆኖ ይቀራል። ውጩን ማለስለስ ቀላል ነው። በጥርስና በጥርስ መሀል ገብቶ ማለስለስ ግን ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ርካሽ ሹካ ላይ የሚዘለለው ይሄ ሥራ ነው። ሹካውን ወደ ብርሃን ያዙትና በጥርሶቹ መሀል አሻግራችሁ እዩ። ውስጡ ግራጫና ጭረት የበዛበት ከሆነ ተዉት። ጥፍራችሁን ስታሳልፉበት ይይዛችኋል። የፓስታ ስጎ ገብቶ የሚደርቀውም እዚያው ነው። የኛ ሹካ ውስጡም እንደ ውጩ ለስላሳ ነው። እስካሁን ስፖንጅ አንዴ ካለፈበት ይጸዳል።

ቀጥሎ አንገቱን እዩ። ማንኪያ የሚጣመመው ጎድጓዳውና እጀታው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ጥሩ ማንኪያ እዚያ ላይ ወፈር ይላል። ርካሹ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ስስ ቆርቆሮ ነው። በአውራ ጣታችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት። ባለሱቁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ውፍረቱ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈ፣ ከ2 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ለዕለት ሥራ አልመክርም። የኛ 2.5 ነው። ዋጋው አጠገቡ ከነበረው ቀላል ዕቃ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ አልተዋጠለትም ነበር። አሁን ግን ሰው ሲጠይቀው ከኔ በላይ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ወደ አከራረሙ ልግባ። የሾርባ ማንኪያው ልቤን ያሸነፈ ዕቃ ነው። ከፍሪጅ የወጣ የረጋ ቅቤ ከጣሳ ቆርሶ ማውጣት የማንኪያ ፈተና ነው። ድሮ በዚህ ሥራ ብዙ ማንኪያ አጣመናል። ይሄኛው ፍንክች አላለም። ጠርዙ ደግሞ ከንፈር ላይ አይቆረቁርም። ትንሿ ልጄ ገንፎ ስትበላ ማንኪያ መንከስ ትወዳለች። ድዷን የሚያቆስል ስለት የለውም።

ጭረት ይኖረዋል። ይሄን እወቁት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱ ጭረት ለብቻው ይታይና ያናድዳል። ከጥቂት ወር በኋላ ግን ሁሉም ይመሳሰልና ማንኪያው ለዘብ ያለ መልክ ይይዛል። እኔ ይሄኛውን መልኩን ከአዲሱ ይልቅ ወድጄዋለሁ። አንድ ማንኪያ ደግሞ ምድጃው ዳር እሳቱ ስለነካው ቢጫና ሰማያዊ ቀለም አወጣ። ይሄ ዝገት አይደለም። ያ ስስ ሽፋን በሙቀት ሲወፍር የሚመጣ ቀለም ነው። በሎሚ ሲታሽ በጣም ደበዘዘ።

ክትፎ ግን አሁንም በቀንድ ማንኪያ ነው የምንበላው። ብረት ለሾርባ ነው። ለብ ያለ ክትፎ ላይ ብረት ሲገባ ቅቤውን ያቀዘቅዘዋል። እዚህ ላይ ጉራጌዎቹ እናቶቻችን ትክክል ናቸው።

አሁን ቢላው። ከሙሉው ዕቃ ደካማው እሱ ነው። ብዙ ሰው ሳያውቅ ስለሚገዛው ረዘም አድርጌ ልናገር። ካርቶኑ ላይ 18/10 ተብሎ ቢጻፍም የቢላው ስለት 18/10 አይደለም። ሊሆንም አይችልም። ኒኬል የበዛበት ብረት በሙቀት ስለማይጠነክር ስለት አይዝም። ስለዚህ ቢላው የሚሠራው ኒኬል ከሌለውና 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ካለው ብረት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 ሃሪ ብሬርሊ የተባለ የብረት ባለሙያ፣ በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ፣ ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ሲፈልግ ያገኘው የማይዝግ ብረት ከዚሁ ዓይነት ነበር። ሼፊልድ የቢላ ሠሪዎች ከተማ ስለሆነች ብረቱ ቶሎ ወደ ገበታ ወጣ። ከዚያ በፊት የገበታ ቢላ ሎሚ በነካው ቁጥር ይጠቁር ነበር። የዛሬው የገበታ ቢላ ከዚያ ብረት ብዙም አልራቀም። ማግኔት ይስበዋል። ሲስበው አይታችሁ ተታለልን አትበሉ።

ክሮሚየሙ ስለሚያንስ ግን ጨውና ውሃ ቶሎ ያገኙታል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃ በጠፋበት ቀን ዕቃ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። ከገና በኋላ ሁለቱ ቢላዎች ላይ ስለታቸው ሥር ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ሹካውና ማንኪያው አብረው ተዘፍዝፈው አድረው ምንም አልሆኑም። ነጠብጣቡን በቤኪንግ ሶዳና በትንሽ ውሃ ለውሰን ስናሸው ለቀቀ። አንደኛው ቢላ ላይ ግን በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ጉድጓድ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ቢላው አይዘፈዘፍም። ቢያንስ ተለቅልቆ፣ በፎጣ ደርቆ ይቀመጣል።

እጀታውንም ማየት ያስፈልጋል። የኛ ቢላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ብረት ነው። አንዳንዱ እጀታው ውስጡ ባዶ ሆኖ በሁለት ግማሽ የተበየደ ነው። በእጅ ላይ ሚዛኑ ደስ ይላል። ብየዳው ጥሩ ካልሆነ ግን ውሃ ይገባውና ከውስጥ ይበላሻል። ስትነቀንቁት ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሰማችሁ ተዉት። የገበታ ቢላ ለዳቦና ለቅቤ፣ ለተቀቀለ ድንች ይበቃል። ጥብስ ላይ ግን ብዙ አትጠብቁበት።

የሻይ ማንኪያው ለሻይ ጥሩ ነው፣ ለቡና አይሆንም። ሲኒ ትንሽ ናት፣ እጀታም የላትም። ይሄ ማንኪያ ረጅምና ከባድ ስለሆነ ሲኒው ውስጥ ትታችሁት እጃችሁን ስታነሱ ሲኒዋን ይዞ ይወድቃል። ረከቦት ላይ ቡና የፈሰሰበት ሰው ይሄን ያውቀዋል። ለቡና ድሮ የነበሩንን ትንንሽና ቀላል ማንኪያዎች መልሰን አውጥተናል።

ክብደቱም ለሁሉም ሰው አይስማማም። አማቴ ጣታቸውን ቁርጥማት ይዟቸዋል። ለፋሲካ ሲመጡ ሹካውን ትንሽ ይዘው አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይሄማ እጄን አደከመው። ያንን ቀለል ያለውን ስጪኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤታችሁ አረጋዊ ካለ በጣም ከባዱን አትግዙ፤ ወይም ለእሳቸው ለብቻ ቀለል ያለ ያዙ።

አጠባው ቀላል ነው። ፈሳሽ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃዋል። ሁለት ነገር ግን ከዚህ ዕቃ አርቁ። አንዱ በረኪና ነው። ዕቃ ይነጣልናል ብለው በረኪና ውስጥ የሚዘፈዝፉ አሉ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ያንን ስስ ሽፋን ይበሳውና ብረቱን ነቁጥ ነቁጥ አድርጎ ይበላዋል። ጥሩውን 18/10 ሳይቀር። ሌላው የሚዝግ ሽቦ ነው። ሽቦው ከመጫሩ በላይ የራሱን ብናኝ ማንኪያው ላይ ይተዋል። በማግስቱ የሚዝገው ያ ብናኝ ነው። ስሙ የሚጠፋው ግን ማንኪያው ነው።

በየሠርጉ የምናየው የወርቅ ቀለም ያለው ዕቃ ያምራል። ሆኖም ወርቅማው ነገር ሽፋን ነው። አንዳንዱ ጠንካራ ሽፋን ነው፣ አንዳንዱ በጥቂት ወር ይላጣል። ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ ልትለዩት አትችሉም። እኔ ለየቀኑ አልገዛውም።

18/10 ውድ ከሆነባችሁ ወፍራም 18/0 ግዙ እንጂ ስስ 18/10 አትግዙ። ወፍራሙ 18/0 በወጉ ከደረቀ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ስሱን 18/10 ግን የረጋ ቅቤ ያጣምመዋል፤ ከተጣመመ በኋላ አለመዛጉ ምንም አይጠቅማችሁም። ከ24 ፍሬ ይልቅ በነጠላ የሚሸጥበትን ሱቅ ብታገኙ ደግሞ የበለጠ ነው። እኛ አሁን የጎደሉን ሁለት የሻይ ማንኪያዎች ናቸው፣ ከትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ጋር ሄደው አልተመለሱም። የገዛንበት ሱቅ ሙሉውን ካርቶን እንጂ በነጠላ አይሸጥም። ለመጪው መስቀል ሁለተኛ ካርቶን እንጨምራለን። ያኔ እንግዳውም ቤተሰቡም በአንድ ዓይነት ይበላል። ከቢላዎቹ ውስጥ ስድስቱ ግን ለእህቴ ይሄዳሉ፤ እኛን አሥራ ሁለት ቢላ አያስፈልገንም።