መቅረት ወይስ መመለስ፦ የሄሰን ወታደሮች ምርጫ

የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1783 ሲያበቃ፣ ለእንግሊዝ የተዋጋው ጀርመናዊ ወታደር ሁለት መንገድ ነበረው። ወይ በመርከብ አገሩ መግባት፣ ወይ ሹልክ ብሎ እዚያው መቅረት።

መመለሱ ክፉ አልነበረም። ቤተሰብ አለ፣ የሚያውቁት መንደር አለ። የመሬቱ ነገር ነው ችግሩ። አብዛኞቹ በመጡባት የጀርመን ግዛት በሄሰን ካሰል በ1773 የወጣ ሕግ የገበሬ ይዞታ ለልጆች እንዳይከፋፈል ከልክሏል። አንዱ ይወርሳል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ስንቱን ወደ ጦሩ የገፋውም ይኸው ነው።

መቅረቱስ? የአሜሪካኖቹ ምክር ቤት ኮንግረስ ገና በ1776 ጦሩን ትቶ ለሚመጣ 50 ኤከር፣ ማለትም 20 ሄክታር ገደማ መሬት ቃል ገብቷል። ጥሪው በጀርመንኛ ታትሞ ተሰራጨ። እንደኔ ግን ወረቀቱ ብዙም አላሳመናቸውም፤ ያሳመናቸው ዓይናቸው ያየው ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ትሬንተን በተባለች የአሜሪካ ከተማ ውጊያ ላይ 900 ያህል ሄሰናውያን ተማረኩ። ብዙዎቹ ፔንሲልቬኒያ ተወስደው ለገበሬዎች በክፍያ ሠሩ። አሠሪው ራሱ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው! እርሻው የራሱ፣ ጎተራው ሙሉ።

ከመጡት 30,000 ገደማ ጀርመናውያን 17,000 ያህሉ ተመለሱ። በፈቃዳቸው የቀሩት 5,000 አካባቢ ናቸው፤ ሌላውን በአብዛኛው በሽታ ጨረሰው። ሚስትና ልጅ ትቶ የመጣ ቢመለስ አይፈረድበትም። ውርስ የሌለው ወንደላጤ ግን ምን ሊያደርግ ይመለሳል? እኔ ብሆን እቀር ነበር።