በሞተር ኮምፒውተር ላይ ተጨማሪ የሙቀት ሴንሰር ላገናኙልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በመኪናዬ ላይ የፋብሪካውን ተክቶ የተገጠመው ፕሮግራም የሚደረግ የሞተር ኮምፒውተር የራዲያተር ውሃውንና ወደ ሞተር የሚገባውን አየር ሙቀት ይከታተላል፤ የሞተር ዘይቱን ሙቀት ግን አይለካም ነበር። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ውሃው ከሞቀ በኋላም ዘይቱ ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል፤ በረጅም ዳገት ላይ ደግሞ የውሃው ሙቀት ሳይለወጥ ዘይቱ ሊግል ይችላል። ይህን ክፍተት የሞሉልኝን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ በይፋ ለማመስገንና ተመሳሳይ ሥራ ለምትፈልጉ ሁሉ ለመጠቆም እወዳለሁ። እኚህ ባለሙያ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ስለታየ ብቻ ሥራው አለቀ የሚሉ ሰው አይደሉም።

ሽቦ ከመንካታቸው በፊት የኮምፒውተሩን የመስመር ንድፍ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ለሙቀት ተብለው የተዘጋጁት ሁለት መግቢያዎች ተይዘው ስለነበር የቀረው ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚያነብ አጠቃላይ መግቢያ ብቻ ነበር። ሴንሰሩ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መከላከል አቅሙ የሚቀንስ ዓይነት በመሆኑ በራሱ ቮልቴጅ አያመነጭም፤ ስለዚህ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት መስመር ወደ ሲግናሉ ሽቦ የ1000 ኦም (ኦም የዚህ መከላከል መለኪያ ነው) ሬዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ፣ መግባት ነበረበት። ለሙቀት የተዘጋጁ መግቢያዎች ይህ ሬዚስተር አብዛኛውን ጊዜ በውስጣቸው አላቸው፤ አጠቃላዩ መግቢያ ግን አልነበረውም። ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 2500 ኦም፣ በ100 ዲግሪ ደግሞ ወደ 186 ኦም ስለሚሆን፣ ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው 3.57 ቮልት፣ በሁለተኛው 0.78 ቮልት ገደማ ማየት እንዳለበት አስልተው በወረቀት ላይ አሳዩኝ።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት የኔጌቲቩን መስመር ጉዳይ የያዙበትን መንገድ ነው። ብዙዎች አጠገብ ካገኙት የሞተር ብሎን ላይ አስረው ይጨርሱታል፤ እርሳቸው ግን ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር መርጠው፣ ሁለተኛውን ሽቦ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ የሴንሰር ኔጌቲቭ መለሱት። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ በ100 ዲግሪ አካባቢ የ1 ዲግሪ ልዩነት ከ20 ሚሊቮልት እንደማይበልጥ፣ ዲናሞው፣ የማቀዝቀዣ ፋኑና መብራቶቹ በሞተሩ አካል በኩል የሚመልሱት ኤሌክትሪክ ደግሞ 0.1 ቮልት ብቻ ቢያዛባ ንባቡ ከ5 ዲግሪ በላይ ሊስት እንደሚችል ነገሩኝ። ሥራው ሲያልቅም ፋኑንና የፊት መብራቱን እያበሩና እያጠፉ ቁጥሩ እንደማይዘል አረጋገጡልኝ።

ኮምፒውተሩ ቮልቱን ወደ ዲግሪ የሚቀይርበትን ሰንጠረዥም ሴንሰሩ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ብቻ አልሞሉትም። ሴንሰሩን ገና ሳይገጥሙ በሚቀልጥ በረዶ ውሃ ውስጥ፣ በክፍሉ ሙቀትና በፈላ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ኦሙን በመልቲሜትር ለኩ፤ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ቦታው ከፍታ ስለሚለያይ 100 ነው ብለው ሳይገምቱ አጠገቡ በሌላ ቴርሞሜትር አረጋገጡ። በእኔ አስተያየት ክፍያውን ተገቢ የሚያደርገው ይህ ክፍል ነው፤ ለዓይን ስለማይታይ ሊዘለል የሚችል ሥራ ነበርና።

ሽቦው ቢበጠስ ምን እንደሚሆንም አስቀድመው አስበውበታል። የተበጠሰ ሽቦ ሲግናሉን ወደ 5 ቮልት ስለሚያወጣው ኮምፒውተሩ ዘይቱ እጅግ የቀዘቀዘ ይመስለዋል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ሲኖር የሞተሩን ዙር እንዲገድብ የተዘጋጀው መከላከያም በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ከ4.9 ቮልት በላይ የሆነ ንባብ እንደ ብልሽት እንዲቆጠር አደረጉ፤ ሞተሩ እየሠራ ሶኬቱን ነቅለውም ማስጠንቀቂያው መምጣቱን በዓይኔ እንዳይ አደረጉኝ።

የሽቦው አያያዝ ከጭስ ማውጫው የራቀ፣ ንዝረት እንዳይጎትተው በየቦታው የታሰረ ነው። ሬዚስተሩ የት እንዳለ የሚያሳይ ንድፍና የመለኪያ ሰንጠረዡንም ጽፈው ስለሰጡኝ፣ ወደፊት ሌላ ባለሙያ ቢነካው ከዜሮ አይጀምርም። ሥራቸው ፈጣን አይደለም፤ ቸኩሎ መኪናውን በዚያው ሰዓት ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ሰው አይስማሙ ይሆናል። ወደ እርሳቸው የምትሄዱ የኮምፒውተራችሁን የመስመር ንድፍና የሴንሰራችሁን የኦም ሰንጠረዥ ይዛችሁ ብትሄዱ ብዙ ጊዜ ትቆጥባላችሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን ፈቃዳቸውን ጠይቄ በግል ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ለእርሳቸውም፣ እጅዎ ይባረክ፤ ስላደረጉልኝ ጥንቃቄ ከልብ አመሰግናለሁ።