ለጂፒኤል 3 ፕሮግራም የትኛው የፒዲኤፍ ላይብረሪ ይሻላል? የፈቃድ ንጽጽር ለጅማ ሶፍትዌር ሠሪዎችና አሠሪዎች

ጅማ ላይ ለቡና ነጋዴ ፕሮግራም ሲሠራ ቶሎ የሚጠየቀው ደረሰኝ ነው። አቅራቢው ቡናውን አስመዝኖ ሲወጣ ኪሎው፣ ዋጋውና ቀኑ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የተጻፈበት ወረቀት እጁ ላይ መኖር አለበት። ይህን ሁሉ ከባዶ ከመሥራት ይልቅ ዶሊባርን የመሰለ ነፃ የንግድ ፕሮግራም ወስዶ ለመጋዘኑ እንዲሆን ማስተካከል ያዋጣል። ዶሊባር ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን ፈቃዱ «ጂፒኤል 3 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ» ነው። ጂፒኤል ፕሮግራሙን መቅዳትንና ማሻሻልን የሚፈቅድ፣ ሲከፋፈል ግን በዚያው ፈቃድ ከነሶርስ ኮዱ (ሠሪው ከጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ) ጋር እንዲሰጥ የሚያዝ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ከውጭ አምጥታችሁ የምትቀላቅሉበት ኮድ ከዚህ ፈቃድ ጋር መጣጣም አለበት።

ደረሰኙን በፒዲኤፍ የሚያወጣ ላይብረሪ (ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ) ሲመረጥ አብዛኛው ሰው የሚያየው ውበቱንና ፍጥነቱን ነው፤ ፈቃዱን የሚያነበው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ እዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ፣ መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ቀጥሎም የአማርኛ አያያዛቸውን አስተያያለሁ።

ለፊደላችን ከሁሉ የሚመቸው ኤምፒዲኤፍ ነው። አቢሲኒካ ፎንትን ይዞ ስለሚመጣ አማርኛው ብዙ ሳያስቸግር ይወጣል፤ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ገጽ ስትሰጡት ሰንጠረዡን፣ ራስጌውንና ግርጌውን አሰናድቶ ይመልሳል። በሥራው ብቻ ቢመዘን እሱን እመርጥ ነበር። ፈቃዱ ግን ጂፒኤል 2 ብቻ ነው፤ «ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ» የሚል ጭማሪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል 2 እና በ2007 የወጣው ጂፒኤል 3 የአንድ ድርጅት፣ የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን፣ ሥራዎች ናቸው። ያም ሆኖ በአንዱ ብቻ የተፈቀደን ኮድ በሌላው ከተፈቀደ ኮድ ጋር አዋህዶ ማከፋፈል አይቻልም። እያንዳንዳቸው አጠቃላይ ሥራው በእነሱ ፈቃድ እንዲከፋፈልና ሌላ ገደብ እንዳይጨመርበት ያዛሉ። ጂፒኤል 3 ደግሞ በፓተንት (በፈጠራ መብት) ላይ፣ እንዲሁም ባለቤቱ ያሻሻለውን ፕሮግራም እንዳይቀበሉ በተቆለፉ መሣሪያዎች ላይ፣ በቀድሞው ያልነበሩ ግዴታዎችን አስገብቷል። ሁለቱን ያዋሃደ ሰው አንዱን ሲያከብር ሌላውን ይጥሳል። ስለዚህ ዶሊባር ላይ ለተመሠረተ ሥራ ኤምፒዲኤፍ፣ ቢያሳዝንም፣ ከምርጫው ይወጣል።

ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ የራሳችሁ ሆኖ ጂፒኤል 2ን ብትመርጡለት ኤምፒዲኤፍን መጠቀም ትችላላችሁ። ያኔ ግን ሌላ በር ይዘጋል። የመጋዘኑን መረጃ ጎግል ድራይቭ ላይ ለማስቀመጥ የጎግልን የፒኤችፒ ላይብረሪ ልትጨምሩ ስትሉ ፈቃዱ አፓቼ 2.0 ሆኖ ታገኙታላችሁ። በፋውንዴሽኑ አቋም አፓቼ 2.0 ከጂፒኤል 3 ጋር ይጣጣማል፤ ከጂፒኤል 2 ጋር ግን አይጣጣምም። አንዱ ምክንያት «በፓተንት የከሰሰ ሰው የተሰጠውን የፓተንት ፈቃድ ያጣል» የሚለው አንቀጽ ነው። መጣጣሙም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ የአፓቼ ኮድ ጂፒኤል 3 ፕሮግራም ውስጥ ይገባል፤ የጂፒኤል 3 ኮድ የገባበት ፕሮግራም ግን በጠቅላላው በአፓቼ ፈቃድ ሊከፋፈል አይችልም። ኤምአይቲና ባለሦስት አንቀጹ ቢኤስዲ የሚባሉት ቀላል ፈቃዶች ከሁለቱም ጂፒኤሎች ጋር ይስማማሉ፤ የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ እንዳለ መተው ይበቃል።

የዶምፒዲኤፍ ፈቃድ ኤልጂፒኤል 2.1፣ ማለትም ከጂፒኤል የላላው ዘመዱ ነው። ይህ ፈቃድ የወሰዳችሁትን ቅጂ ወደ ጂፒኤል 2 ወይም ከዚያ በኋላ ወደ ወጣ ጂፒኤል እንድታዛውሩ በግልጽ ስለሚፈቅድ ዶሊባር ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። አጠቃቀሙም እንደ ኤምፒዲኤፍ ከኤችቲኤምኤል የሚነሳ ስለሆነ ቀላል ነው። ችግሩ ፎንቱ ላይ ነው፤ አብረውት የሚመጡት ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። በቁቤ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ ደረሰኝ በመጀመሪያው ሙከራ ጥርት ብሎ ሲወጣ የአማርኛው ስም ግን ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ሙከራውን በሁለቱም ቋንቋ አድርጉ። መፍትሔው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መጫን ነው። ሁለቱም ኦፕን ፎንት ላይሰንስ 1.1 አላቸው፤ ከሶፍትዌር ጋር አብሮ ማከፋፈልን ይፈቅዳል፣ ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ግን ይከለክላል። በፎንቱ የታተመው ደረሰኝ በፈቃዱ አይገዛም።

ቲሲፒዲኤፍ ኤልጂፒኤል 3 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ነው፤ ከጂፒኤል 3 ጋር ምንም ጥያቄ አያስነሳም። ዶሊባር ራሱም ሰነዶቹን የሚያወጣው በእሱ ነው። የኤችቲኤምኤል ችሎታው ውስን ስለሆነ ሳጥን በሳጥን እየለኩ መሥራትን ይጠይቃል፤ አማርኛ ለማውጣትም የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት መምረጥ አለባችሁ። ለዚህ ሥራ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ድካሙ አንድ ጊዜ ነው፤ አዲስ የፈቃድ ግዴታም አያመጣም።

ኤፍፒዲኤፍ ግዴታው እጅግ ቀላል ነው፤ ግን በራሱ ዩቲኤፍ-8ን (አማርኛን ጨምሮ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚጻፉበትን አሠራር) ስለማይቀበል ለአማርኛ አይሆንም።

በጃቫ የምትሠሩ አይቴክስት ይቀርብላችኋል። ፈቃዱ ኤጂፒኤል 3 ነው፤ ያንን ለማይፈልግ ደግሞ የንግድ ፈቃድ ይሸጣል። ኤጂፒኤል 3 ከጂፒኤል 3 ጋር መዋሃድ ይችላል፤ ግን ፕሮግራሙን አሻሽላችሁ በኔትወርክ ካቀረባችሁ፣ ከአጋሮ በስልኩ ለሚገባው አቅራቢም ሶርስ ኮዱን ማቅረብ ይኖርባችኋል። የንግድ ፈቃዱን የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ገንዘብ መክፈል አለመጣጣምን አይፈታም። የተከፈለበት ፈቃድ ለእናንተ ብቻ የተሰጠ ስለሆነ፣ ጂፒኤል 3 ፕሮግራም ውስጥ አዋህዳችሁ ለደንበኛ ስትሰጡ ጂፒኤል ለተቀባዩ የሚሰጠውን የመቅዳትና የማሻሻል መብት ማስተላለፍ አትችሉም። ከአሮጌው አይቴክስት 4 የወጣው ኦፕንፒዲኤፍ ፈቃዱ ኤልጂፒኤልና ኤምፒኤል (የሞዚላ ፈቃድ) ስለሆነ ለጃቫ ሠሪ የተሻለ መነሻ ነው።

ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበትን፣ ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ኮድ ከዚህ ንጽጽር ያስቀረሁት ሆን ብዬ ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ባለቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር፣ በይፋ ስለተለጠፈ ብቻ ወስዶ ማከፋፈል አይቻልም። ለባለቤቱ ጽፎ ፈቃድ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ይቻላል።

አሁን ለአሠሪዎች። ፕሮግራሙ መጋዘናችሁ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ለእናንተ ተከፋፍሏል ማለት ነው፤ በጂፒኤል 3 መሠረት ሶርስ ኮዱን የማግኘት መብት አላችሁ። ይህ መብት ሠሪው ጅማን ለቆ ቢሄድ እንኳ ሌላ ባለሙያ ሥራውን እንዲቀጥልላችሁ ያደርጋል። ፕሮግራሙ የሚሠራው በሠሪው ሰርቨር ላይ ሆኖ እናንተ በብራውዘር ብቻ የምትገቡ ከሆነ ግን ጂፒኤል 3 ኮዱን እንዲሰጣችሁ አያስገድደውም፤ ከፈለጋችሁት ውል ውስጥ አስገቡት።

ከመክፈላችሁ በፊት የላይብረሪዎቹን የፈቃድ ዝርዝር ጠይቁ። ኮምፖዘር (የፒኤችፒ ላይብረሪዎችን የሚያመጣው መሣሪያ) በአንድ ትዕዛዝ ስለሚያወጣው ለሠሪው ከባድ ሥራ አይደለም። ዝርዝሩ በስም የምታውቋቸውን ብቻ ሳይሆን እነሱ ይዘው የሚመጡትንም ያሳያል። ለምሳሌ ዶምፒዲኤፍ ኤልጂፒኤል 2.1 ቢሆንም የሚጠቀምበት የኤስቪጂ (የሥዕል ፋይል ዓይነት) ላይብረሪ ኤልጂፒኤል 3 ነው። ለዶሊባር ይህ አያሳስብም፤ ጂፒኤል 2 ብቻ ለሆነ ፕሮግራም ግን ግጭት ነው። ዝርዝሩ ላይ «ጂፒኤል 2 ብቻ» ወይም ባዶ ቦታ ካያችሁ፣ ርክክቡን ከመፈረማችሁ በፊት ላይብረሪው እንዲቀየር ጠይቁ።