ለግፊት ቀጠሮ ወጥተን ሆስፒታል አደርን

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር አካባቢ ወዳለች አንዲት የግል ክሊኒክ እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ወሰድኳት። የተለመደ ቀጠሮ ነው። ለክተው፣ መድኃኒት ጽፈው ይሸኙናል፣ ከዚያ ሐይቁ ዳር ዓሣ እንበላለን ብዬ ቁርስ እንኳን ሳልቀምስ ነው የወጣሁት።

ነርሷ ለካች። ዝም አለች። «እማማ፣ እስኪ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ብላ ቆይታ በሌላኛው ክንድ ደገመችው፤ 190/120። «ደረትዎን ያምዎታል?» ስትላት እናቴ «ኧረ ደኅና ነኝ ልጄ፣ ከትናንት ወዲህ ትንሽ ጨምደድ ያደርገኛል እንጂ» አትልም! ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም እኮ። ግፊት ከ180/120 አልፎ ደረት ካመመ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ አነሷትና ወዲያው ለሆስፒታል ሪፈር ጻፉልን።

ክሊኒኩን የማመሰግነው እዚህ ላይ ነው፤ አስተኝተው ገንዘብ መቁጠር ሲችሉ ላኩን። ቅሬታዬ አምቡላንሱ ነው። በር ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ግን የለም፤ ስለዚህ በባጃጅ ሄድን፣ በየጉብታው እናቴ «ቀስ በል የኔ ልጅ» እያለች።

ሆስፒታሉ ካርድ ለማውጣት አስለፈን እንጂ ሐኪሞቹ ጎበዞች ናቸው። ሁለት ሌሊት አደረች። ልቧ ደኅና ነው ተባለ። ለካስ «ተሽሎኛል» ብላ መድኃኒቱን ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

ለክሊኒኩ ከአምስት አራት ኮከብ። ዓሣውን ገና አልበላንም።