በጎንደር የሚሰጥ የአረጋውያን የቤት ለቤት እንክብካቤ፦ ግምገማ
ለእናታችን የቀጠርነው የቤት ለቤት እንክብካቤ አገልግሎት በንጽሕና፣ መድኃኒትን በሰዓቱ በመስጠትና በትሕትና የሚነቀፍ አይደለም። ቅር ያሰኘን አረጋዊን ሁሉ «አርፈው ይቀመጡ» እያለ ከሥራ የሚያርቅ ልማዱ ነው። ይህ አካሄድ ካሚንግና ሄንሪ የተባሉ የእርጅና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 ካቀረቡት፣ አረጋዊውና ማኅበረሰቡ ቀስ በቀስ መራራቃቸው ተፈጥሯዊ ነው ከሚለው ንድፈ ሐሳብ ጋር ይቀራረባል፤ ሐሳቡ ግን ብዙ ተተችቷል፣ ሌላው ተመራማሪ ሃቪገርስት ያራመደው የእንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብም በተቃራኒው በእርጅና ዘመን እርካታ የሚገኘው በተሳትፎ በመቆየት መሆኑን ያስረዳል። ለእኛ ቤት ይበልጥ የጠቀመው ሰው ሲያረጅ የቀደመ ልማዱንና ማንነቱን ይዞ ለመቀጠል እንደሚጥር የሚገልጸው የተመራማሪው አችሊ የቀጣይነት ንድፈ ሐሳብ ነው። ተንከባካቢዋ ይህን ስናስረዳት ሳታንገራግር ተቀብላ፣ እናታችን ተቀምጠው ቡና እንዲቆሉ፣ ምስር እንዲለቅሙ፣ ሐምሌ 7 ቀንም በምርኩዝ ተደግፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴን እንዲሳለሙ አግዛቸዋለች (ዳገቱን በባጃጅ ነው የወጡት)። እኔ ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ይህን አደንቃለሁ። ክፍያው በጡረታ ለሚተዳደር ሰው ከበድ ይላል። አገልግሎቱን የሚፈልጉ ቤተሰቦች ከመፈረማቸው በፊት የአረጋዊው የዕለት ልማድና ማከናወን የሚወዱት ሥራ በውሉ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።