ኤምሲኤፍኤም በጅማ ላፕቶፖች ላይ፦ ለደብሊው፣ ለዜድና ለሂግስ ስሌት ያዋጣል?

በፕሮቶን ግጭት ደብሊው፣ ዜድ ወይም ሂግስ ቦዞን (መሠረታዊ ቅንጣቶች ናቸው) ምን ያህል እንደሚፈጠር ለማስላት ጅማ ላይ ክላስተር (የተያያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች) እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። አራት ኮር ያለው ተራ ላፕቶፕና ኤምሲኤፍኤም የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለማስተርስ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ይሠራሉ። ከአምስት አራት ሰጥተነዋል። ስሌቱ በእርከን ይሠራል፤ ኤልኦ መነሻው ግምት፣ ኤንኤልኦ የመጀመሪያው እርከን እርማት የተጨመረበት፣ ኤንኤንኤልኦ ደግሞ ሁለተኛው የተጨመረበት ነው። እስከ ኤንኤልኦ ድረስ ዓይን ተጨፍኖ ይታመናል ማለት ይቻላል፤ ኤንኤንኤልኦ ላይ ግን ዓይንን መግለጥ ግድ ነው።

አጫጫኑ ከባድ አይደለም። ሊነክስ ላይ ጂፎርትራን፣ የሲ++ ኮምፓይለርና ሲሜክ ካሉ በቂ ነው፤ ዊንዶውስ ያለው ሰው ደብሊውኤስኤል (በዊንዶውስ ውስጥ ሊነክስ የሚያስኬድ) ውስጥ ይጫነው። ፒዲኤፎችን የሚያነበውን ኤልኤችኤፒዲኤፍ ለብቻው ጭኖ ማገናኘት ይሻላል፤ የፒዲኤፍ ስብስቦችንም (ፕሮቶን ውስጥ የኳርክና የግሉዎን ድርሻ የሚሰጡ ሠንጠረዦች) በጅምላ ከማውረድ የሚፈለገውን አንዱን ብቻ ማውረድ ዳታ ይቆጥባል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ሁሉም ነገር ያለ ስህተት ተጭኖ አልቆ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ «ሰግመንቴሽን ፎልት» ብሎ ይሞታል። ኮዱ አልተበላሸም፣ እንደገና መጫንም አያስፈልግም። እያንዳንዱ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የስሌት ክር) የተሰጠው የስታክ ቦታ (ጊዜያዊ ሜሞሪ) አንሶት ነው። «ኦኤምፒ ስታክሳይዝ» የሚባለውን ተለዋዋጭ 512000 አድርጎ ተርሚናል ሲከፈት በሚነበበው የባሽአርሲ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ነገሩን ይፈታዋል።

ሥራው ሁሉ የሚታዘዘው በአንድ የኢንፑት ፋይል ነው። ለአዎንታዊ ደብሊው የሂደት ቁጥሩ 1፣ ለአሉታዊ ደብሊው 6፣ ወደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ለሚፈርሰው ዜድ 31 ነው። «ፓርት» በሚለው መስመር ኤልኦ፣ ኤንኤልኦ ወይም ኤንኤንኤልኦ ይመረጣል። ውጤቱ፣ ማለትም ክሮስ ሴክሽኑ (የመፈጠር ዕድል መለኪያ)፣ በፌምቶባርን ስለሚወጣ ቁጥሩ ግዙፍ ሆኖ ሲታይ አትደንግጡ። ለማመሳከሪያ ያህል፣ በ13 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት ዜድ የሚፈርስበት የሌፕቶን ጥንድ (እንደ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ያለ) ማስ ከ66 እስከ 116 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ሲገደብ የዜድ ክሮስ ሴክሽን ለአንድ የሌፕቶን ዓይነት 1.9 ናኖባርን ገደማ ነው፤ በፌምቶባርን ወደ 1,900,000 መሆኑ ነው። የእናንተ ቁጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ ከበለጠ የታችኛው የማስ ገደብ ክፍት ቀርቶ ይሆናል፤ ሂደቱ ውስጥ ፎቶንም ስላለ ማሱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቁጥሩ ያሻቅባል። አዎንታዊው ደብሊው ከአሉታዊው መብለጥ አለበት፣ ፕሮቶን ውስጥ የአፕ ኳርክ ድርሻ ከዳውን ይበልጣልና። ተገልብጦ ከመጣ የሂደት ቁጥር ተቀያይሯል።

ኤንኤልኦ በአራት ኮር በደቂቃዎች ያልቃል፤ የፕሮግራሙ ትልቁ ብርታትም እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የሉፕ እርማት፣ ሌላው ተጨማሪ ግሉዎን ወይም ኳርክ የሚወጣበት። ሁለቱም ለየብቻ ኢንፊኒቲ ይሰጣሉ፣ የሚጣፉት በዳይፖል ቅነሳ ነው፤ ኢንፊኒቲውን ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው የሚደምር ዘዴ ነው። ለዚህ የሚሆን መፈተሻ ፕሮግራሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ ሳለ የሚጠቀምበት ተማሪ ጥቂት ነው። የዳይፖሎቹን ስፋት የሚወስኑትን አራት አልፋዎች ከ1 ወደ 0.01 አውርዳችሁ እንደገና አስሉ። የየክፍሉ ቁጥር ይለዋወጣል፤ ድምሩ ግን ከሞንቴ ካርሎው (በዘፈቀደ ናሙና የሚደረግ ስሌት) ስህተት አልፎ መነቃነቅ የለበትም። ከተነቃነቀ ራሳችሁ ያስገባችሁት ከት (የክስተት መምረጫ ገደብ) ለስላሳ ግሉዎን ሲጨመር ወይም አንዱ ቅንጣት ለሁለት ሲሰነጠቅ ውጤቱን የሚቀይር ነው ማለት ነው፤ ያንን አስተካክሉ።

ስለ ከት ከተነሳ አይቀር፣ በሁለቱም ሌፕቶኖች ላይ እኩል የ25 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት የጎን ሞመንተም (ከፕሮቶኖቹ መስመር ወደ ጎን ያለው) ገደብ መጣል የተለመደ ቢሆንም ችግር ያመጣል። በኤልኦ ሁለቱ ሌፕቶኖች ጀርባ ለጀርባ ስለሚወጡ የጎን ሞመንተማቸው እኩል ነው፤ ትንሽ ጨረር ሲጨመር አንዱ ከገደቡ በላይ ሌላው በታች ይሆንና እዚያ ጠርዝ ላይ እርማቱ ይዛባል። የዜድን የጎን ሞመንተም ሂስቶግራም የሚሠራ ሰውም ይህን ልብ ይበል፤ በኤልኦ ሁሉም ነገር ዜሮ ላይ ተከምሯል። ስለዚህ ከዜሮ ወዲያ ላለው ክፍል «ኤንኤልኦ» ተብሎ የወጣው መስመር በተግባር የመጀመሪያው ግምት ነው። ጽሑፍ ላይ «የኤንኤልኦ ትክክለኛነት» ብሎ መጻፍ ፈታኝ ፊት ያስወቅሳል።

ነጥቧ የተቀነሰችው ኤንኤንኤልኦ ላይ ነው። እዚህ ፕሮግራሙ ክስተቶቹን «ታውከት» በሚባል ወሰን ለሁለት ይከፍላል። ከወሰኑ በታች ያለውን በተጠጋጋ ቀመር፣ በላይ ያለውን ደግሞ ቦዞን ከጄት (በአንድ አቅጣጫ ከሚፈስ የቅንጣት መንጋ) ጋር በሚወጣበት የኤንኤልኦ ስሌት ይሞላዋል። ወሰኑ ከሰፋ የተጠጋጋው ቀመር የሚያጎድለው ይበዛል። ከጠበበ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ምልክት ያላቸው ትልልቅ ቁጥሮች ይደመሩና ልዩነታቸው በሞንቴ ካርሎ ጩኸት ይዋጣል። ስለዚህ አንድ ታውከት ብቻ መርጦ የወጣውን ቁጥር መውሰድ ዋጋ የለውም። በኢንፑት ፋይሉ በርካታ ወሰኖችን በአንድ ሩጫ አስገብቶ ውጤቱን በግራፍ ማየት፣ ሜዳ የሆነበትንም ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ሜዳው ካልታየ ውጤት የለም።

ጊዜና መብራት ለመቆጠብ «ኤንኤንኤልኦኮኤፍ» የሚለውን ምረጡ፤ ጭማሪውን ብቻ ያሰላል፣ ኤንኤልኦው ቀድሞ ተሠርቷልና። ለዜድ ጭማሪው ከጠቅላላው ጥቂት በመቶ ስለሆነ በእሱ ላይ የአሥር በመቶ ስህተት ቢኖር እንኳ ጠቅላላውን በሺህ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚነካው። የትክክለኛነት ግቡን በግማሽ ማጥበብ ጊዜውን አራት እጥፍ አካባቢ እንደሚያደርሰው አስቡበት። ክረምት ላይ መብራት ሲመላለስ ደግሞ «ሪድኢን» የምትለው መስመር ባለውለታ ናት፤ የሩጫው ስም ካልተቀየረ ስሌቱ ካስቀመጠው የመጨረሻ ነጥብ ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተም ይህችን መስመር ማብራት አትርሱ።

ሂግስ ሌላ ጉዳይ ነው። ጅማ ሆኖ በቡና ካልተናገሩ አይሆንምና፣ እዚህ ቶናው ከአቦሉ ይወፍራል። ለ125 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ሂግስ በ13 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት፣ በግሉዎን ውህደት የሚገኘው 48.58 ፒኮባርን ሲዘረዘር፦ ኤልኦ 16.00፣ የኤንኤልኦ ጭማሪ 20.84፣ የቶፕ፣ የቦተምና የቻርም ማስ ትክክለኛ ውጤት ሲገባ ቅናሽ 2.05፣ የኤንኤንኤልኦ ጭማሪ 9.56፣ በዚያው እርከን የቶፕ ማስ ማስተካከያ 0.34፣ የኤሌክትሮዊክ እርማት 2.40፣ የሦስተኛው እርከን ጭማሪ 1.49። ኤምሲኤፍኤም በኤንኤንኤልኦ የሚሠራው ቶፕ ኳርክን እጅግ ከባድ አድርጎ ቆጥሮ ነው፤ የሦስተኛውን እርከን ጭማሪ ጨምሮ ሙሉውን ድምር ከእሱ አትጠብቁ። ለጠቅላላው ክሮስ ሴክሽን ብቻ ከሆነ በ2018 የወጣው አይሂክስ 2 ይሻላል። ሂግስ የሚፈርስባቸውን ፎቶኖች ከት፣ ሂስቶግራሙን ሲፈልጉ ግን ወደ ኤምሲኤፍኤም መመለስ ነው። ስኬሉንም (ለስሌቱ የሚመረጠውን የኃይል መለኪያ) አትዘንጉ፤ ከላይ ያሉት ቁጥሮች የተሰሉት በሂግስ ማስ ግማሽ ነው፣ በሙሉ ማሱ ያሰላ ሰው አንድ ለአንድ ሊያወዳድራቸው አይችልም።

የስኬል ለውጡን ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራል። «ማክስስኬልቫር» 6 ሲሆን ከማዕከሉ ጋር የተለመዱት ሰባት የስኬል ነጥቦች ይገኛሉ። የሚወጣውን ክልል ግን እንደ ላቦራቶሪ ስህተት አትቁጠሩት። በሂግስ የኤልኦው ክልል ኤንኤልኦውን አላቀፈም። በ2020 በፎቶን በኩል የሚፈጠረው የሌፕቶን ጥንድ እስከ ሦስተኛው እርከን ሲሰላ፣ በዜድ ማስ አካባቢ አዲሱ ቁጥር ከኤንኤንኤልኦው ክልል ውጪ ወደቀ። ክልሉ ጠባብ ስለሆነ እርግጠኛ ነን ማለት አይቻልም።

የፒዲኤፍ ስህተትም በአንድ ሩጫ ይወጣል፤ ግን ስብስቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲቲ18 59 አባላት ሲኖሩት ስህተቱ የተሰጠው በ90 በመቶ የእርግጠኝነት ደረጃ ነው። ኤምኤስኤችቲ20 ደግሞ በ68 በመቶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ሠንጠረዥ ከማስገባት በፊት የሲቲ18ን ስህተት ለ1.645 ማካፈል ይገባል።